መምሰልና መቅዳት ለየቅል ናቸው

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች ከቤቴ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው የእህቴ ልጅ ሲሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና ዓመቱ ነው። ያከራከራቸው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነበረ። ተማሪው፥ «ስታርክራፍት ማለት ልብሱን የለወጠ ዋርክራፍት ነው፤ አንዱ ኩባንያ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ሸጠልን» ይላል። ሠራተኛው ደግሞ፥ «ሁለቱ ከቶ አይገናኙም» እያለ ይሟገታል። እኔም የልጆች ነገር ነው ብዬ ልተወው ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፥ የተነሣው ጥያቄ ከጨዋታ የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። ለመሆኑ አንድ ሥራ ከቀደመው ሥራ ጋራ በመመሳሰሉ ብቻ ሊነቀፍ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ነገ የጥናት ጽሑፍ የሚያቀርበውን ተማሪም፥ ከነገ ወዲያ ዕቅድ አዘጋጅ የሚባለውን ወጣት ሹምም የሚነካ ስለ ሆነ፥ የታየኝን ለአንባቢ ላካፍል ወደድሁ።

በመጀመሪያ ጨዋታዎቹን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁለቱም «ሪል ታይም ስትራቴጂ» ከሚባለው ወገን ናቸው። ይኸውም ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚያዝበት የጦር ስልት ጨዋታ ማለት ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ፍጹም እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ፥ «ወረራ» በሚባለው ጊዜ፥ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይሉ እንደየፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። እንግዲህ እነዚህ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ወረራው ከመነሻው እስከ መድረሻው የማያባራባቸው ሰንጠረዦች ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በዚያም ላይ ተጫዋቹ ሠራዊቱን ተሰልፎ አያገኘውም፤ ሀብቱን ራሱ አስቆፍሮ፥ ቤቱን ራሱ አሠርቶ፥ ወታደሩን ራሱ ቀልቦ ነው የሚዋጋው።

ሁለቱን ጨዋታዎች የሠራቸው ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያውን በ1991 በሌላ ስም ያቋቋሙት አለን አድሃም፥ ማይክ ሞርሃይምና ፍራንክ ፒርስ የተባሉ፥ በሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሦስት ወጣቶች ናቸው። ብሊዛርድ የሚለውን ስም የያዘው በ1994 ሲሆን፥ የመጀመሪያው ዋርክራፍትም በዚያው ዓመት ወጣ። እርሱም ራሱ ቢሆን ያለ አባት የተወለደ አልነበረም፤ ዌስትውድ የተባለ ሌላ ኩባንያ በ1992 ያወጣውን ሁለተኛውን «ዱን» አይቶ የተሠራ ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ተመሳሳይነታቸውን ለመቍጠር አያዳግትም። በ1995 መጨረሻ በወጣው በሁለተኛው ዋርክራፍት ሠራተኞች ከጉድጓድ ወርቅ፥ ከጫካ እንጨት እያመጡ ከዋናው ቤት ያገባሉ፤ ከባሕር ላይም ነዳጅ በታየበት ስፍራ መቅጃ ተሠርቶ ዘይቱ በመርከብ ይጋዛል። በስታርክራፍት ደግሞ ሠራተኞች ማዕድን እየፈለጡ በዋናው ቤትና በማዕድኑ መካከል ይመላለሳሉ፤ ቬስፒን የሚባለው ጋዝ በሚፈልቅበት ስፍራ ላይም ማጣሪያ ተሠርቶ አንድ ባንድ እየገቡ ይቀዳሉ። በዋርክራፍት እርሻ ያላበዛ ሰው ወታደር ሊያበዛ አይችልም፤ አንዱ እርሻ የሚቀልበው አራት ነፍስ ብቻ ነውና። በስታርክራፍትም ስንቁን ያላሰናዳ እንዲሁ እጁ ይታሰራል። በሁለቱም ገና ያልተደረሰበት አገር ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ታይቶ የተለዩት ስፍራም ቢሆን ጠባቂ ከሌለው በጭጋግ ይሸፈናል። ባንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀሰው ወታደር እንኳ በዋርክራፍት ዘጠኝ፥ በስታርክራፍት ዐሥራ ሁለት ሆኖ በቍጥር የተወሰነ ነው። ዋርክራፍትን የለመደ ሰው ስታርክራፍትን ሲከፍት እጁ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ያየው ነገር ሐሰት አይደለም። እንዲያውም እርሱ ከመወለዱ በፊት ይህንኑ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። በሜይ ወር 1996 በሎስ አንጀለስ በተደረገው የጨዋታዎች ትርኢት ብሊዛርድ ስታርክራፍትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያሳይ፥ ጨዋታው የተሠራው በዋርክራፍት ሞተር ነበረ። ተመልካቹም፥ በዋርክራፍት ውስጥ ያሉትን ኦርክ የሚባሉ አረንጓዴ ፍጡራን በማሰብ፥ «ኦርኮቹን ወደ ጠፈር አወጧቸው» እያለ አፌዘ። ፌዙ መራራ ቢሆንም እውነት ነበረበት። በዚያው ትርኢት ላይ ሌላ ኩባንያ ያቀረበው ተመሳሳይ ጨዋታ እጅግ አምሮ ስለ ታየ፥ የብሊዛርድ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ፓትሪክ ዋያት ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ጻፈው፥ ያ ያስቀናቸው ጨዋታ የሚሠራ ጨዋታ ሳይሆን አስቀድሞ የተሰናዳ ፊልም ኖሯል!

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ፍሬ ያለው። ሰዎቹ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ፌዙን ንቀው፥ ያንኑ የተሠራውን ቀለም ቀብተው ቶሎ መሸጥ ነው፤ የዋርክራፍት ስም የታወቀ ስለ ነበረ ገዢ አያጡም ነበር። ሁለተኛው ሥራውን አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው። የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ቦብ ፊች የተባለው የፕሮግራም ሠሪ ሞተሩን እንደ አዲስ ጻፈው፤ ጨዋታው የወጣው ከዚያ ትርኢት ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፥ ማርች 31 ቀን 1998 ነው።

ታዲያ ምን ለወጡ? ከላይ የዘረዘርናቸውን ተመሳሳይነቶች አልጣሉም። ሠራተኛው አሁንም ይቆፍራል፤ ስንቁ አሁንም ይለካል፤ ጭጋጉም አለ። የለወጡት ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ዋርክራፍት ሰዎቹና ኦርኮቹ እንደ መስተዋትና እንደ ፊት ናቸው። የሰዎቹ እግረኛ 600 ወርቅ ያስወጣል፤ የኦርኮቹ እግረኛም ያው 600 ነው። ለዚህ ቀስተኛ ካለው፥ ለዚያ መጥረቢያ ወርዋሪ አለው። እውነተኛው ልዩነት ያለው በጥቂት አስማቶች ላይ ብቻ ነው። ስታርክራፍት ግን ሦስት ወገኖች ይዞ መጣ፤ ቴራን የሚባሉት ሰዎች፥ ዘርግ የሚባሉት እንደ ነፍሳት የሚራቡ ፍጡራን፥ ፕሮቶስ የሚባሉትም በዕውቀት የገፉ የሌላ ዓለም ሕዝቦች ናቸው። የእነዚህ የሦስቱ አኗኗር ፍጹም የተለያየ ነው። የቴራን ሠራተኛ ቤቱ እስኪያልቅ ቆሞ ይሠራል። የፕሮቶስ ሠራተኛ ሥራውን አስጀምሮ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል። የዘርግ ሠራተኛ ግን ራሱ ቤት ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ቤት ባቆሙ ቍጥር አንድ ሠራተኛ ይጎድልባቸዋል። ቴራን ቤቱን ከመሬት አንሥቶ በአየር ያዛውራል፤ ዘርግ ግን አብዛኞቹን ቤቶቹን ከምድሩ ላይ ከተሰራጨ ልዩ ዝቃጭ ውጪ ሊያቆም አይችልም።

የበለጠ የሚደንቀው ግን ይህ ሁሉ ልዩነት ከአንድ መለኪያ ላይ መቆሙ ነው። ስንቅን እንመልከት። ቴራን ማከማቻ ይሠራል፤ ፕሮቶስ ኃይል የሚሰጥ ዐምድ ይተክላል፤ ዘርግ ደግሞ በአየር የሚንሳፈፍ ፍጡር ያስፈለፍላል። አንዱ ቤት፥ አንዱ ዐምድ፥ አንዱ ነፍስ ያለው ነው። ዋጋቸው ግን በሦስቱም ዘንድ 100 ማዕድን፥ የሚችሉትም የስምንት ነፍስ ስንቅ ነው። ሠራተኛውም በሦስቱም ዘንድ 50 ማዕድን ያስወጣል። ላዩ ሦስት፥ ሥሩ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ሚዛን ማግኘት በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም፤ ከወጣም በኋላ እስከ 2001 ድረስ ዋጋውንና ጕልበቱን እየመዘኑ ሲያርሙት ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑን ብዙም ሳይነኩት በደቡብ ኮሪያ ሙያዬ ብለው የያዙት ተጫዋቾች በቴሌቪዥን ፊት ዓመታት ሙሉ ተወዳድረውበታል። መስተዋት የሆነ ጨዋታ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2002 ሦስተኛው ዋርክራፍት ሲወጣ አበዳሪው ተበዳሪ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የነበሩት ወገኖች አራት ሆኑ፤ አራቱም እንደ ስታርክራፍት የየራሳቸውን ጠባይ ያዙ። ሙታን የሚባሉት ወገኖች ሠራተኛ እንደ ፕሮቶስ ሥራውን አስጀምሮ ይሄዳል፤ ቤታቸውንም የሚያቆሙት እንደ ዘርግ በተበከለ ምድር ላይ ነው። ከሌሊት ኤልፎቹ ዘንድም ሠራተኛው በብዙዎቹ ሕንፃዎች ውስጥ እንደ ዘርግ ሠራተኛ ተውጦ ይቀራል። እንደዚህ ሆኖ ታናሹ ከታላቁ የወሰደውን ከነወለዱ መለሰ።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን፥ የእህቴ ልጅ የሚረታበት ቦታ መኖሩንም መናገር አለብኝ። እርሱም በታሪኩ በኩል ነው። በስታርክራፍት ሣራ ኬሪጋን የተባለች ጀግና ከወገኖቿ ተከድታ፥ በዘርግ እጅ ወድቃ፥ የዘርግ ንግሥት ሆና ትነሣለች። በሦስተኛው ዋርክራፍትም አርታስ የተባለው ልዑል አገሬን አድናለሁ ሲል በተረገመ ሰይፍ ተይዞ፥ አባቱን ገድሎ፥ የሙታን አለቃ ይሆናል። የመጀመሪያው ሰውን ያስደነገጠ ነበረ፤ ሁለተኛውን ግን የመጀመሪያውን ያየ ሰው ከመንገድ ላይ ሆኖ ይደርስበታል። እዚህ ላይ የተደገመው አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም ጭምር ስለ ሆነ፥ ነቀፌታው ተገቢ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማወጣው ፍርድ ይህ ነው። አጥንት መመሳሰሉ ነውር አይደለም። ልጅ አባቱን ስለ መሰለ ሌባ ተብሎ አያውቅም፤ ዋርክራፍትም «ዱን»ን፥ ስታርክራፍትም ዋርክራፍትን ስለ መሰለ ሊነቀፍ አይገባውም። ነውሩ ያለው ማሰቡን ትቶ መልኩን ብቻ መውሰድ ላይ ነው። የ1996ቱ ስታርክራፍት ቅጂ ነበረ፤ የ1998ቱ ግን ልጅ ነው። የለያያቸው ሠሪው አይደለም፤ ሠሪው ያው ነው። ገንዘቡም ብቻ አይደለም። የለያያቸው፥ «ይህ ነገር ለምን እንደዚህ ሆነ? ሌላ ሊሆን አይችልምን?» ተብሎ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ገና መጠየቁ ነው።

ወጣቱ ሹም የአምናውን ዕቅድ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጦ ቢያቀርብ፥ ኦርኩን ወደ ጠፈር አወጣ ማለት ነው። ያንኑ የአምናውን ዕቅድ ፊቱ አስቀምጦ፥ የትኛው ሠርቷል፥ የትኛው አልሠራም፥ ዘንድሮ የተለወጠው ምንድር ነው ብሎ ቢመረምርና ዐሥር አንቀጾች ሳይለወጡ ቢቀሩ ግን፥ ይህ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። እንደዚሁም ሁሉን ከሥሩ ነቅዬ አዲስ እተክላለሁ የሚለው ወጣት፥ የለመደውን እጅ ያለ ምክንያት እያደናገረ መሆኑን ይወቅ። የበላይ የሆነ ሰውም «ይህ የተለመደ ነው» ብሎ ወረቀቱን ከመወርወሩ በፊት፥ ከላዩ አልፎ ሥሩን ያንብብ። ነቀፌታ የደረሰበት ደግሞ ነቃፊውን ከመጥላቱ በፊት የተነገረው እውነት መሆኑን ይመርምር፤ የሚያፌዝ ሰው ሁሉ ጠላት አይደለም።

ይህን ሁሉ ለሁለቱ ወጣቶች ስነግራቸው፥ ሠራተኛው ዝም ብሎ ሰማኝ። ተማሪው ግን፥ «እንዲህ ከሆነ ሁለታችንም ተረትተናል ማለት ነው» አለ። እኔም፥ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል፤ የቀረውን ግማሽ አንዳችሁ ከሌላው ተበደሩ ብዬ ሸኘኋቸው።