«ሀዋሳም ይገባታል» ለምትሉ

ሰሞኑን ፌስቡክ ስከፍት የሚመጣብኝ አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፤ የተደረደሩ የመስታወት ፎቆች፣ ከሥሩ «ሀዋሳም ይገባታል!»። ላይኩ ደግሞ ጉድ ነው። ካጋሩት መሀል ያስተማርኳቸው ልጆች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስቲ ይገባታል የምትሉትን እንየው። በአገራችን የዚህ ዓይነት ሰፈር አንዱ ትልቅ ምሳሌ የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ በ36 ሄክታር ላይ ወደ 4,000 መኖሪያ ቤት፣ ከሆቴልና ከገበያ ማዕከል ጋር ይሠራል ተባለ። ካልኩሌተር አውጡ። 36 ሄክታር 360,000 ካሬ ነው፤ ለ4,000 ሲካፈል ለአንድ ቤት 90 ካሬ መሬት። ሆቴሉም መንገዱም ተቆጥሮ ነዋ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ግን ያለ እነሱ ያንን ቤት ማን ይገዛዋል? አሁን ደግሞ ተራ ጂ+4 ውሰዱ። በየወለሉ አራት ቤት፣ በድምሩ 20። ከነግቢው 1,000 ካሬ ብንለቅለት እንኳ ለአንድ ቤት 50 ካሬ ነው። ሊፍት አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ ሽማግሌ 20ኛ ፎቅ ላይ አይቀርም። «ሰማይ ጠቀስ መሬት ይቆጥባል» የምትሏትን ነገር ቀስ በሏት።

ገዢውስ ማነው? በ2017 የወጣው አዋጅ ለውጭ ዜጋ ቤት መግዛት ሲፈቅድ መነሻውን 150,000 ዶላር አደረገው። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ እንምታው (ከዚያ በላይ መሆኑን ታውቃላችሁ)፤ 15 ሚሊዮን ብር። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ መምህር ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም 125 ዓመት ይፈጅበታል። እነዚያ ፎቆች የሚታሰቡት ለዚህ ገዢ ነው፤ ለእናንተ አይደለም።

ቤት አልጎደለም እያልኩ አይደለም፤ በጣም ጎድሏል! ኢንዱስትሪ ፓርካችን በ2008 ተመረቀ፤ 52 ሼድ አለው፤ ለ60,000 ሰው ሥራ ተብሎ ታቀደ። 60,000 ሰው ማታ የት ይተኛል? ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ዳቶ አካባቢ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሁለቱ ፈረቃ ሲገቡ ሁለቱ ፍራሹ ላይ ይተኛሉ። አከራዩ ዘንድሮም ጨምሯል።

መሬታችንንም አትርሱ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው ያለነው። ጥር 2008 መሬት ሲንቀጠቀጥ ከፎቅ እየዘለሉ የተጎዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትዝ አይሏችሁም? እሱም መለስተኛ የሚባል ነበር። መሐንዲስ ይችለዋል ካላችሁኝ፣ ይችለዋል፤ ግን ጥልቅ መሠረትና ብረቱ ዋጋ ላይ ይጨመራል፣ 125 ዓመቱ 150 ይሆናል።

«ቲቸር ዕድገት ጠሉ» የሚል ካለ፣ የምጠይቀው ግንባታ ነው። ያ ሁሉ ሄክታር ለባለዶላር ከሚታጠር፣ ለዳቶና ለቱላ አካባቢ ሠራተኛ የሚከራይ ጂ+4 ይሠራበት። ኪራዩም ከደሞዝ ጋር ይታሰብ።

ኮሜንት ላይ ከመስደባችሁ በፊት አንድ ነገር ጻፉልኝ፦ ሰፈራችሁን፣ በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ እንደምትኖሩ፣ እና ኪራዩ ስንት እንደገባ።