ከዒሻ በኋላ የሚመጣው ድምፅ

ስለ ስልክና ስለ ጭንቀት ስጽፍ ይህንንም የምታነቡት በስልክ መሆኑን አልረሳሁትም። ዛሬ የማነሳው ግን የልጆቻችንን ጉዳይ ሳይሆን የእኛን የአዋቂዎቹን ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ወንዱ ልጃቸው ሹፌር ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ያመላልሳል። ሴቷ ጂዳ ናት፤ በኢሞ ትደውልላቸዋለች። ስልኩንም የገዛችላቸው እሷ ናት። አንድ ቀን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ። ስከፍት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከዘመድ የደረሳቸው የድምፅ መልእክት ነበር፤ አንድ ሰው እያለከለከ መንገድ መዘጋቱን፣ መኪና መቃጠሉን ይናገራል። ልጃቸው ሲደወልለት አይሠራም። እስከ ሱብሒ አብረናቸው ተቀመጥን። ጠዋት ሲገኝ ደህና ነው፤ ያደረበት ከተማ ኔትወርክ አልነበረም። አልሐምዱሊላህ። ድምፁን ከማን አገኘኸው፣ አንተስ ከማን እያልን ወደ ኋላ ስንጠይቅ ደግሞ ቢያንስ ዓመት ያለፈው ሆኖ አገኘነው። ካስተላለፉት ሰዎች አንዱም ክፋት አላሰበም። ሁሉም ፈርተው ነው የላኩት።

ስለ ስልክ ጉዳት ስናወራ የምንገሥጸው ወጣቱን ነው። ቲክቶክ፣ ሐራም ምስል፣ የባከነ ጊዜ። እውነት ነው። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ግን ወሬ ነው። ከዒሻ ተመልሰን ጋደም እንልና ቴሌግራም እንከፍታለን፣ ከዚያ ፌስቡክ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። ሦስት ሰው ስለ አንድ ቦታ ሦስት የተለያየ ነገር ይነግረናል። ሁሉንም ሰምተን የደም ግፊት ኪኒናችንን ውጠን ለመተኛት እንሞክራለን። ለሱብሒ የምንነሳው ደክሞን ነው፤ በሶላት ውስጥም ልባችን እዚያው ወሬው ጋ ነው።

"ታዲያ ለምን አትዘጋውም?" የሚል ወንድም አይጠፋም። መዘጋቱንማ የባሕር ዳር ሰው ቀምሶታል። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተገደቡ። በሐምሌ ተከፈተ ተባለ። እፎይ ሳንል በክልላችን ጦርነቱ ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ጠፋ። ያኔ ጭንቀታችን ቀለለ? አልቀለለም። ወሬው በባጃጅና በገበያ መጓዙን ቀጠለ፤ የሚያስተባብል ፎቶ እንኳ አልነበረንም። ጂዳ ያለችው ልጅ የእናቷን ፊት ሳታይ ከረመች። አለማወቅም እንደ ማወቅ ያሳምማል።

ደግሞም ፍርሃታችን ከንቱ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ በአንድ ሸኽ ቀብር ሰዎቻችን ሲገደሉ ያየን ሰዎች ነን። በዚችው በባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መአረግ አማረ ስማቸውና ፎቶአቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዞር ከረመና ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሶ፣ በ2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ክሱ በኩባንያው ላይ ነው። ያንን ጽሑፍ እያነበቡ ያጋሩት ጣቶች ግን የማን ነበሩ? ይህ ጥያቄ እኔንም ሌሊት ያነቃኛል።

እንግዲህ ስልኩን መጣል አይሆንልንም፤ እንዲሁ መተውም አይሆንም። እኔ መውጫውን ያገኘሁት በሱረቱ-ን-ኒሳእ 83ኛው አያ ላይ ነው። ስለ ደኅንነት ወይም ስለ ፍርሃት ወሬ ሲመጣላቸው ወዲያው የሚበትኑትን ይነቅፋል፤ ወደ መልእክተኛውና ከነሱ ውስጥ ኃላፊነት ወዳለባቸው ቢመልሱት ኖሮ ማጣራት የሚችሉት ያውቁት እንደነበር ይገልጻል። ይህንን ብዙ ጊዜ እንደ ወቀሳ ብቻ ነው የምንሰማው። እኔ እፎይታም አይበታለሁ። ወሬ ማጣራት የእያንዳንዱ ሰው ሸክም አይደለም ማለት ነው! ለእሱ የሚሆን ሰው አለ፤ ወስደህ ትሰጠዋለህ፤ አንተ ትተኛለህ። የሚያስጨንቀን ልናጣራውም ሆነ ልናደርግለት የማንችለውን ነገር መቶ ሺህ ሰው ሆነን በየትራሳችን ሥር መሸከማችን ነው።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አያ ዙሪያ ሙፈሲሮች የሚያወሱትንም አስቡት። ዘካ እንዲቀበል ወደ በኒ አል-ሙስጠሊቅ የተላከው ሰው ሕዝቡ ሊቀበለው ሲወጣ ሊገድሉት መስሎት ፈራና ተመለሰ፤ ዘካውን ከለከሉ ብሎም ተናገረ። በዚያ ወሬ ጦር ሊነሳ ነበር። መነሻው የአንድ ሰው ድንጋጤ ነው፤ እንደዚያ እንደ ሌሊቱ ድምፅ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየመስጂዱ ጀመዓ ሁለት ሦስት ሰው ይመረጥ፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ በየከተማው ደንበኛ ያለው ነጋዴ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር። የሚያስፈራ ወሬ የደረሰው ሰው ለነሱ ብቻ ያድርስ። እነሱ ቦታው ላይ ላለ ሰው ይደውሉ፤ ካልተገኘ "አልታወቀም" ይበሉ፤ በዚያ ይብቃ። የክልላችን የእስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት እስከ ወረዳ የወረደ መዋቅር አለው፤ ቢያስብበት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እኛ በቤታችን ከወንድሞቼ ጋር ጀምረነዋል። ወሬ የሚከታተለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው፤ የቀረነው ከነዚያ ግሩፖች ወጥተናል። ከዒሻ እስከ ሱብሒ ስልኮቹ ሳሎን ያድራሉ፤ ጥሪ ብቻ ይጮሃል። ቴሌግራሙና ዋትስአፑም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዘግተንበታል፤ ሬሳ ሳንፈልገው ዓይናችን ላይ እንዳይመጣ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ የሰማችሁትን ድምፅ ለእናታችሁ ከመላክ ደውሉላት።

አንድ የምንከራከርበት ነገር አለ። የጋዛን ሕፃናት ማየት ብተው ኡማዬን የከዳሁ ይመስለኛል የሚል ወዳጅ አለኝ። ስሜቱን አከብራለሁ፤ እኔም ይሰማኛል። ግን ዱዓ ለማድረግና ሰደቃ ለማውጣት አሥረኛው ቪዲዮ ያስፈልገናል? አንዱን አይቶ ሁለት ረከዓ የሰገደ ሰው፣ ሃምሳውን አይቶ ፈዝዞ ከሚያድረው ያነሰ አልሠራም። ጣና ላይ ዓሣ የሚያሰግር አንድ ወንድም ስልኩን ውኃ እንዳይነካበት ቤት ጥሎ ነው የሚወጣው። እስኪመለስ ዓለም ምን እንደሆነች አያውቅም፤ ከመካከላችን በደንብ የሚተኛው ግን እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ልብ በትንሹ ከደነገጠ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ነውር የለውም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሩቃም ይቀራ፣ ሐኪምም ይታይ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋል።

ባለፈው ሳምንት እኚያን ጎረቤቴን ስልኩን ማታ ማታ እንዴት እያደረጉት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "መሶቡ ላይ ነው የማሳድረው" አሉኝ። "ልጄ ከፈለገኝ ይደውላል። ከፈራሁ ደግሞ የእናንተ በር ቅርብ ነው፤ መጥቼ አንኳኳለሁ።"