ስትወጣ ያልፈለግናት

ሲፋን ሀሰንን «ከሃዲ» የምትሉ ሁሉ አንደበታችሁን ሰብስቡ!

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ፣ በኔዘርላንድስ መለያ፣ ኢትዮጵያዊቷን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2፡22፡55 ስታሸንፍ እዚህ መተማ፣ ገንዳ ውሃ የሰማሁት እርግማን አሁንም ያንገበግበኛል። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ተጋፍተዋል፤ የእኛ ወገን ተቃውሞ አቀረበ፣ ዳኞቹ ውድቅ አደረጉት። በዚያ ተከራከሩ፣ መብታችሁ ነው። እርግማኑ ግን ስለ ግፊያው አልነበረም። «የእኛን እንጀራ በልታ ለባዕድ ሮጠች» ነበር የሚባለው።

የትኛውን እንጀራ? አዳማ የተወለደችው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2008 በ15 ዓመቷ ነው ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድስ የገባችው። ሜዳሊያ በአንገቷ አልነበረም፣ ስሟን የሚያውቅም አልነበረም። ነርስነት እየተማረች ሮጠች፤ ዜግነቱን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ለምን እንደወጣች የምታውቀው እሷ ናት፤ ልትነግረን ዕዳ የለባትም። እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ልጅ ሆና ስትሰደድ ወዴት ሄደች ያላለ አገር በ31 ዓመቷ ስታሸንፍ «የእኔ ነበረች» ብሎ መክሰሱ ነው።

እኛ በሱዳን ድንበር ያለን የመተማ ሰዎች ልጆች እንዴት እንደሚሰደዱ አናውቅም ማለት አንችልም። ልጃገረዶች ደላላ እየመራቸው በዓይናችን ፊት ያልፋሉ። ጋላባትን ይሻገራሉ፤ ገዳሪፍ ሻይ ያፈላሉ፤ ካርቱም ሰው ቤት ገብተው ልብስ ያጥባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ደመወዟን የተከለከለችው፣ የተደፈረችው፣ ሞታ እዚያው የቀረችው፣ የማን ልጅ ናት ተብላ አታውቅም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ስትነድ ብዙዎቹ በወጡበት በር ተመለሱ፤ ፌስታል አንጠልጥለው፣ ጫማ እንኳ ሳይኖራቸው። ያኔ «እህቶቻችን መጡ» ብሎ ባንዲራ ይዞ የተቀበላቸው ሰው አላየሁም! የባንዲራ ፍቅራችን የሚቀሰቀሰው ሴቲቱ ወርቅ ስታጠልቅ ብቻ ነው?

ሯጮቹን ገንዘብ ነው የሚያስኮበልላቸው ትሉኛላችሁ። ንግዱ አለ፤ እኔም እጠየፈዋለሁ። ዘነበች ቶላ የባህሬን ሯጭ ስትሆን ስሟ ሳይቀር ተለውጦ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆና ባህሬንን አስጠራች። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገር ቅየራን ያገደው፣ በማግስቱ ዓመትም የ3 ዓመት መጠበቂያ የደነገገው ይህ ገበያ ስላስመረረው ነው። ማርያምም ብትሆን ግን ባህሬን ከመድረሷ በፊት ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ፈልጋ ነበር። መጠጊያ ያጣችን ሴት ገዢ ቢያገኛት የምትወቀሰው የተገዛችው ናት?

በትግል ስፖርትም ያው ነው። ማሪያ ስታድኒክ ዩክሬን ሊቪቭ ተወልዳ በፍሪስታይል ትግል ለአዘርባጃን 4 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አምጥታለች። ዳኛው እጇን ሲያነሳላት የተጣለችውን ልጅ የጣለችው እሷ ራሷ ናት፤ ጡንቻውም ላቡም የሷ ነው። ሰው የመንግሥት ንብረት አይደለም።

ቁጣ ከተረፋችሁ ወደዚህ ኑ። ደላላውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ከሱ ጋር ቡና የሚጠጣው ባለሥልጣንም ያውቀዋል። እሱን ክሰሱት። ልጅቷ ሳትሻገር ስሟን ጠይቁ፣ ትምህርት ቤት መልሷት፣ መሮጥ ከወደደች ጫማ ግዙላት። ይህን ሳታደርጉ ስለ ሲፋን ደግማችሁ እንዳታነሱብኝ!