“ቴሌግራሜ ተጠልፏል፣ ብር እንዳትልኩ!”፦ አንድ ሰው ሲጠለፍ ለምን ዘመድ ወዳጁ ይከፍላል?

“ቴሌግራሜ ተጠልፏል። ብር የሚጠይቃችሁ እኔ አይደለሁም፣ እንዳትልኩ።”

ይህን ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከጽሑፉ በላይ የሚያሳዝኑት ግን ከሥሩ ያሉት ኮሜንቶች ናቸው። “ውይ! እኔ እኮ ማታ ልኬልሻለሁ” የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

እዚህች ኮሜንት ላይ ትንሽ እንቁም። አካውንቷ የተጠለፈው አንዲት ሴት ናት። ከእሷ ኪስ ብዙ ጊዜ አንድም ብር አይወጣም። የሚከፍለው የአክስቷ ልጅ ነው፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ነው፣ ዕቁብ አብራት የምትጥል ጎረቤቷ ናት።

ስለ ኦንላይን ደኅንነት ሲወራ ምክሩ ሁሌም “ራስህን ጠብቅ” ነው። “የግል ዳታ” የሚለው ቃልም ራሱ ያዘናጋል። የግሌ ከሆነ ቢጠፋም ጉዳቱ የኔው ነው ብለን እናስባለን። “እኔ ምን አለኝና ይሰርቁኛል?” የሚል ሰው ሞልቷል። መልሱ አጭር ነው፦ የሚያምኗችሁ ሰዎች አሏችሁ። ሌባው የሚመጣው ለእነሱ ነው።

■ በሩ የሚከፈተው በአምስት ቁጥር ነው

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ የሚከፈቱት በስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ቁጥራችን ደግሞ ምስጢር አይደለም። የሱቅ በር ላይ ተለጥፏል፣ ማስታወቂያ ላይ ወጥቷል፣ የሕንፃ ጥበቃዎች መዝገብ ላይ በእጃችን ጽፈነዋል። ስለዚህ ሌባው ቁጥራችሁን አስገብቶ እስከ በሩ ድረስ ያለ ችግር ይመጣል። የቀረው እናንተ ስልክ ላይ የሚገባው ኮድ ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ላይ 5 አሃዝ፣ ዋትስአፕ ላይ 6 አሃዝ።

ይህን ኮድ ለማግኘት የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መጠየቅ ይበቃል። የተለመዱት አጠያየቆች እነዚህ ናቸው፦

• “ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ እባካችሁ ድምፅ ስጡልኝ።” ሊንኩን ስትነኩ ቴሌግራም የሚመስል ገጽ ይከፈታል፣ ቁጥራችሁን ከዚያም ኮዱን ይጠይቃል። ድምፅ የሰጣችሁ ይመስላችኋል፤ የሰጣችሁት ግን ቁልፋችሁን ነው።

• “የምሥረታ በዓላችንን ምክንያት በማድረግ ስጦታ አዘጋጅተናል፣ ለ20 ሰው ያጋሩ።” የባንክ ወይም የቴሌ አርማ ተለጥፎበታል። ለ20 ሰው አጋሩ ማለቱ ራሱ ውሸት መሆኑን ይነግራችኋል።

• “ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሲም ካርድዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልን።”

• “ይቅርታ ውዴ፣ ተሳስቼ ኮድ በአንቺ ቁጥር አስልኬ ነው፣ ላኪልኝ።” ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከምታውቁት ሰው አካውንት ነው። ያ ሰው ቀድሞ ተጠልፏል። ሌባው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገረው እንዲህ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የቴሌግራም ኮድን በቴሌግራም ቻት ከላካችሁት ቴሌግራም ራሱ ኮዱን ይሰርዘዋል። ሌባው ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው “በስልክ አንብቢልኝ” ወይም “በቁጥሮቹ መሃል ሰረዝ አድርገህ ጻፈው” የሚለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣላችሁ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም፣ ሌባ ነው።

■ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን የሚመስለን ገብቶ ወዲያው ብር የሚጠይቅ ነው። ጎበዙ ሌባ ግን መጀመሪያ ያነብባል። ቻቱን ወደ ኋላ እየሳበ እናታችሁን “እማዬ” ትሏት እንደሆነ ወይም “ማሚ”፣ ታላቅ እህታችሁን “እትዬ” ትሏት እንደሆነ ያያል። ባለፈው ወር ማን ብር እንዳበደራችሁ ያያል። ለማን ለቅሶ እንደደረሳችሁ፣ ማን ሆስፒታል እንደተኛ ያያል። ከዚያ በእናንተ አነጋገር፣ በእናንተ ስም፣ በትክክለኛው ሰዓት ይጽፋል፦ “እትዬ፣ ባንኩ እምቢ ብሎኝ ነው፣ 8,000 ብር በዚህ ቁጥር ላኪልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ።”

ዳታ ማለት ይሄ ነው። “እትዬ” የምትለዋ ቃል ሌባ እጅ ስትገባ ብር ታወጣለች።

እኛ አገር ደግሞ ይህ ማታለያ ለም መሬት አግኝቷል። ኑሯችን በመረዳዳት የቆመ ነው፤ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ለቅሶው፣ የሕክምና መዋጮው። ሰው ሲቸገር መጀመሪያ እንልካለን፣ ምክንያቱን ኋላ እንጠይቃለን። ይህ ክፉ ልማድ አይደለም፤ ብዙ ቤት ያቆመ ልማድ ነው። የተቀየረው ፍጥነቱ ነው። ቴሌብር የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015። ከዚያ በፊት ለብዙ ሰው ብር መላክ ማለት ባንክ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነበር። ወረፋው ሰለቸን እንጂ አንድ ጥቅም ነበረው፦ እዚያ ቆመን “ቆይ እስቲ ልደውልላት” እንል ነበር። አሁን ብሩ በሰከንድ ይደርሳል፣ የመጠራጠሪያው ጊዜም አብሮ ጠፋ።

■ ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችንስ?

ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር የምትገናኘው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። አካውንቷ ሲጠለፍ ጉዳቱ ሁለት አቅጣጫ አለው። ሌባው በእሷ ስም ቤተሰቧን “ችግር ላይ ነኝ” ይላቸዋል። የወንድሟ ስልክ ከተጠለፈ ደግሞ በወንድሟ ስም “እማዬ ታማለች” ይላታል። ከአሠሪዋ ቤት እንደልቧ መደወል የማትችል ልጅ ደውላ የምታጣራበት ዕድል ጠባብ ነው። ያላትን ትልካለች።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ከአገር ሲወጣ ያገር ቤቱን ሲም ጥሎት ይሄዳል፤ ቴሌግራሙ ግን በዚያ ቁጥር እንደተከፈተ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት ሌባ ባይሆንም እንኳ ቴሌግራም ለመክፈት ሲሞክር ኮዱ ለእሱ ሊደርሰው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ወይም አሁኑኑ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ “ቼንጅ ነምበር” በሚለው ወደምትጠቀሙበት ቁጥር ቀይሩት።

■ ስልክ የገዛንበት ሱቅ

ስለዚህኛው ሲወራ አልሰማም፣ ግን በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው። አዲስ ስልክ እንገዛለን። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ “ኢሜይል አለህ?” ይላል። የለንም እንላለን፣ ወይም ፓስወርዱ ጠፍቶናል። እሱ ቶሎ ብሎ ጂሜይል ይከፍትልናል፣ ፓስወርዱንም እሱው ይመርጣል። አመስግነን እንወጣለን።

በዚያ ጂሜይል ግን ኮንታክታችን፣ ፎቷችን፣ ስልኩ ላይ ያስቀመጥናቸው ፓስወርዶች ሁሉ ሊቀመጡ ይችላሉ። ልጁ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ሐቀኛ ነው። ነገር ግን የቤታችንን ቁልፍ ለቀጣሪ ሠራተኛ እንኳ አስበን የምንሰጥ ሰዎች ይህን ቁልፍ ለማናውቀው ሰው ትተን መውጣት የለብንም። ፓስወርዱን ዛሬ ቀይሩት።

ፎቶ ኮፒ ቤትም እንደዚሁ። መታወቂያችንን በቴሌግራም እንልካለን፣ ያትሙልናል፣ ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ከታተመ በኋላ “እስቲ ሰርዝልኝ” ማለት ነውር አይደለም። ቻቱን ስታጠፉም “ከሁለቱም ወገን” የሚለውን ምረጡ። ቴሌግራም ላይ “ሥራ አለ፣ መታወቂያና ፎቶ ላኩ” ለሚሉ ማስታወቂያዎች ደግሞ ድርጅቱ የት እንዳለ ሳታረጋግጡ ምንም አትላኩ።

■ ሸክሙ የኛ ብቻ ነው ወይ?

አይደለም። “ኮዱን ለምን ሰጠሽ?” ብሎ ተጠቂዋን መውቀስ ቀላል ነው፣ ሌሎች ኃላፊዎች ግን አሉ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት ዳታችንን የሚሰበስብ ድርጅት ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው፣ ለምን እንደሰበሰበው ሊያሳውቀን፣ ከተናገረው ዓላማ ውጭ ላይጠቀምበትና በጥንቃቄ ሊይዘው ይገባል። እኛም ስለኛ የያዘውን የማየትና ስሕተት ካለ የማሳረም መብት አለን። አጭበርባሪውን የሚመለከተው ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው።

ሕጉ አለ። ጥያቄው መሬት ላይ ያለው ነው። ወደ አንድ ሕንፃ ስንገባ ስምና ስልካችንን የምንጽፍበት መዝገብ ከኛ በፊት የገቡትን 30 ሰዎች ስምና ስልክ ያሳየናል። ያ መዝገብ ሲሞላ የት ይሄዳል? ማን ነው ለጥበቃው ስለ አዋጁ የነገረው? ድርጅቶች የሚፈልጉትን ብቻ ቢጠይቁ፣ የማያስፈልገውን ቢተዉ፣ ሌባው እጅ የሚገባው ነገር በብዙ ይቀንስ ነበር።

ፋይዳንም በዚህ ዐይን ማየት ጥሩ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ሥርዓት የአሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን አይሪስና የፊት ምስል ይሰበስባል። በሐሰተኛ ስም የባንክ አካውንት መክፈትን ከባድ ስለሚያደርግ በዚህ በኩል ሌባውን ይጎዳዋል። ሆኖም ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጣት ግን አይቀየርም። እንዲህ ያለ ዳታ የያዘ አካል ጥንቃቄውም በዚያው ልክ መሆን አለበት ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ዜጋ መብት ነው።

አንድ ነገር ለወጣቶቹ፦ “አካውንትህን ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ ብር ሊገባልኝ ነው፣ ትንሽ እሰጥሃለሁ” የሚል ሰው ካለ እሺ እንዳትሉ። የተሰረቀው ብር የሚያልፈው በእንዲህ ያለ አካውንት ነው። ፖሊስ ሲመጣ የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው።

■ ዛሬ ማታ፣ አሥር ደቂቃ

1. ቴሌግራም፦ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ፓስወርድ አስገቡ፣ የራሳችሁን ኢሜይልም ጨምሩ። ከዚህ በኋላ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ይህን ካላወቀ አይገባም። ዋትስአፕም ሴቲንግ፣ አካውንት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለው፤ 6 አሃዝ ፒን ይባላል።

2. እዚያው “ዲቫይስስ” የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ዋትስአፕ ላይ “ሊንክድ ዲቫይስስ” ይባላል።

3. *#21# ደውላችሁ ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር ተላልፎ እንደሆነ እዩ። ተላልፎ ከሆነ ##002# ያጠፋዋል። አንዳንድ ሌባ “ይህን ቁጥር ደውል” እያለ ጥሪያችሁን ወደራሱ ያዞራል፣ ከዚያ ኮዱን በድምፅ ያስነብባል።

4. ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ፦ ብር በጽሑፍ ከተጠየቀ ሳይደወል አይላክም። ደውሉ ስል በመደበኛው ስልክ ነው። “ድምፅ ላክልኝ” ማለት አይበቃም፤ ሌባው የድሮ የድምፅ መልእክት መልሶ ሊልክ ይችላል፣ አሁን ደግሞ ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ ቴክኖሎጂም አለ።

5. የባንካችሁን የጥሪ ማዕከል ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ብር በስሕተት ከተላከ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው።

ከተጠለፋችሁስ? በድንጋጤ አፑን አታጥፉት፣ ሎግ አውትም አታድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ሰው ለ24 ሰዓት ነባሩን ማስወጣት አይችልም። እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከስልካችሁ ሳትወጡ “ዲቫይስስ” ውስጥ ገብታችሁ ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ፣ ወዲያው ፓስወርድ አስገቡ። ከዚያ ለሰዎቻችሁ ንገሩ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፉት ደውሉላቸው። ፌስቡክ ላይ የለጠፋችሁትን እናታችሁ ላታየው ትችላለች።

እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ብዙዎቻችሁ ይህን የምታውቁ ወጣቶች ናችሁ። ቁጥር 1ን ለራሳችሁ ካደረጋችሁ በኋላ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአክስታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ አድርጉላቸው። ፓስወርዱን ራሳቸው ይምረጡት፣ ደብተር ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡት።

እናንተ ዘንድ የመጣው ማታለያ ከላይ ከተዘረዘሩት የተለየ ከሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሌላው ሰው ይማርበት። የማንንም ስምና ስልክ ቁጥር ግን አትጻፉ።