ጸልየን ላክናት፣ ከዚያ ረሳናት

ባለፈው እሁድ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንዲት የአበሻ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ነገር ሰው ሁሉ በስልክ እየተቀባበለው ነው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበርና ያየሁትን ልናገር። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ያደገች፣ አሁን ሃዋይ ኮና ባለው፣ ዋይዋም በሚባለው የሚሲዮናውያን ድርጅት ማሠልጠኛ የምታገለግል ልጅ ለዕረፍት መጥታለች። ስለ አገልግሎቷ ለምእመኑ እንድትናገር አስቀድማ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ማስታወቂያ አንባቢው ግን በመጨረሻ ጠራትና "ሰዓት ስለሌለን በአጭሩ" አላት፤ ማይኩን እንኳ ከእጁ አለቀቀላትም። ሰላምታዋን ጨርሳ ወደ ጉዳይዋ ልትገባ ስትል ጭብጨባ ተነሳ፣ ተመስግና ተቀመጠች። ወዲያው ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘማሪ የትኬት፣ የሆቴልና የአዳራሽ መዋጮ ተከፈተ። ለዚህ ሰዓት ተገኘ። እጅ እየወጣ፣ ስም እየተጠራ፣ "አንድ ሺህ የሚል! አምስት መቶ የሚል!" እየተባለ ምሳ ሰዓት አለፈ።

ከአዳራሽ ስንወጣ አንዲት እናት የልጅቱን ጉንጭ ስመው "የኔ ልጅ፣ ታዲያ መቼ ነው ሥራ የምትጀምሪው?" አሏት። ልጅቱ ፈገግ ብላ ዝም አለች። የእኔ ደም ግን ፈላ። ይህች ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኳት ናት። ነርስ ናት፤ ጥሩ ደመወዝ የሚከፍላትን ሆስፒታል ትታ ነው የሄደችው። በእናትየዋ አልፈርድም። እሳቸው ሁላችንም በሆዳችን የያዝነውን በአፋቸው ተናገሩት እንጂ ሌላ አላጠፉም። በእኛ ዘንድ ወጥታ የምታገለግል ልጅ ሥራ የፈታች ልጅ ናት። የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

እስቲ ውሎዋን ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ አምና ሄደን ጠይቀናታል። ኮና ሲባል ባሕሩና ዘንባባው እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ባሕሩ አለ፣ ከግቢው ቁልቁል ይታያል። እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ወጥ ቤት ናት። ፀጉሯን በመረብ ሸፍና፣ ከክንዷ የሚረዝም ማማሰያ ይዛ፣ ለግቢው ሁሉ የሚበቃ አጃ ታማስላለች። ቁርስ ሲያበቃ ጸሎትና ዝማሬ አለ፣ ከዚያ ትምህርት ይቀጥላል። አዲስ የመጡትን ሴቶች ልጆች በቡድን ይዛ ታማክራለች። አንዷ አገሯ ናፍቋት ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነው የመጣችው፣ ሌላዋ እምነቷ ተናግቶባታል። ከሰዓት በኋላ እንደገና ትሪ እጥበት። ሌሊት አንድ ሰው ትኩሳት ቢይዘው በሯ ይንኳኳል፣ ነርስ ናታ።

ዲቲኤስ የሚሉት የደቀ መዝሙርነት ሥልጠና ሦስት ወር ያህል ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ሌላ አገር ወጥተው ሁለት ወይም ሦስት ወር ያገለግላሉ። ክፍል ውስጥ እያሉም ማንም እግሩን አንፈራጥጦ አይቀመጥም። የሐኪም ልጅም ሆነ የገበሬ ልጅ በየቀኑ የሥራ ድርሻ አለው፤ ድንች ይልጣል፣ ሽንት ቤት ያጥባል፣ ሣር ያጭዳል። ሠልጥኖ እዚያው የቀረ እንደ እሷ ያለ አገልጋይ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም። ሎረን ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1960 ድርጅቱን ከመሠረቱ ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ የሚኖረው ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቤተሰቡና ወዳጆቹ በሚልኩለት ነው። እንዲያውም ለአልጋውና ለምግቡ በየወሩ ለግቢው ይከፍላል። ይህን ስነግራቸው "ሠርታ ደግሞ ትከፍላለች?" ብለው የሳቁ ሰዎች አሉ። አዎ፣ ሠርታ ትከፍላለች። የሩዙንና የመብራቱን ዋጋ የላካት ካልከፈለ ማን ይክፈልላት?

ክፍሏን አይተናል። ለአራት ሴቶች ሁለት ተደራራቢ አልጋ። የእሷ ድርሻ አንድ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ መጽሐፍ ቅዱሷ፣ እናቷ በቡና ቆርቆሮ የላኩላት በርበሬና ሽሮ፣ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለ 25 ሳንቲም የምታጠራቅምበት ጠርሙስ አለ። ምሳ ስንበላ ባለቤቴ ልጅቱ በአንድ በኩል ብቻ እንደምታኝክ አየች። ቆይታ ጠየቀቻት። የኋላ ጥርሷ ተቦርቡሮ ነርቩ ተነክቷል፣ የጤና መድን የላትም፣ ማታ ማታ ቅርንፉድ ነክሳ ትተኛለች። ሌላውን ስታስታምም የምታድር ነርስ! ሁለት መቶ መኪና የሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ያሳደጋት ልጅ!

በየወሩ ደብዳቤ ትጽፋለች። የትኛው ተማሪ የት እንደተላከ፣ ምን እንደሚጸለይለት፣ እሷ ምን እንደጎደላት በዝርዝር ታሰፍራለች። ከእኛ ሰው የምታገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ "ጌታ ይባርክሽ፣ በጸሎት አለንልሽ።" ከሥሩ የእጅ ምልክት፣ የልብ ምልክት። ያዕቆብ በመልእክቱ የተራበውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ አሰናብተው ስለሚመለሱ ሰዎች የጻፈውን በስንት እሁድ ሰብከነዋል! ስለ እኛ ነው የተጻፈው።

ከእሷ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ኮሪያዊት ናት። ከሴኡል ቤተ ክርስቲያኗ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ይገባላታል። መድኗን እነሱ ይከፍላሉ። በልደቷ ቀን የሴቶች ኅብረት በሙሉ ተሰብስቦ በስልክ ይዘምርላታል፣ አሮጊቶቹ በተራ ይመርቋታል። ሌላዋ የክፍሏ ልጅ ብራዚላዊት ናት፤ የመጣችው ድሃ ሰፈር ካለች ትንሽ ጉባኤ ነው። እዚያ ከእሁድ አምልኮ በኋላ እናቶች ምግብ ጠብሰው ይሸጡና ትርፉን ይልኩላታል። የእኛይቱ ልጅ ከሁለቱ መካከል ተኝታ የሥራ ባልደረባዋ ከነበረች አንዲት ፈረንጅና ከእናቷ በሚላክላት ትኖራለች። ይህን ስትነግረኝ አላማረረችም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ኮሪያን ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የእኛ ቃኘው ሻለቃ ወደዚያ ሲዘምት ያች አገር በጦርነት ነድዳ አመድ ሆና ነበር። የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን እዚያ ገብተው መሥራት የጀመሩትም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው፤ ወደ እኛ አገር ከገቡበት ዘመን አይቀድምም። ዛሬ ኮሪያውያን ከ20 ሺህ በላይ ሚሲዮናውያን በዓለም ዙሪያ አሰማርተዋል። ለዚህ የበቁት ሀብታም እስኪሆኑ ተቀምጠው ጠብቀው አይደለም። ከድህነታቸው ጀምሮ መላክን ስለለመዱ ነው።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁና። "አገር ቤት ስንት የተፈናቀለ፣ ስንት የተራበ ወገን እያለ ሃዋይ ለምትኖር ልጅ ገንዘብ?" የተፈናቀለውን መርዳት ግዴታችን ነው፣ ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲም አይነሳ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ባለፈው እሁድ የተሰበሰበው ለተፈናቃይ ነበር? ለኮንፈረንስ ድምፅ ማጉያ፣ ለሆቴል፣ ለምሳ ግብዣ ስንሰጥ የተራበው ወገን ትዝ ይለናል? ለልጅቱ ሲሆን ብቻ ለምን ትዝ አለን? በአንድ ጉባኤ የዓመት ሪፖርት ሲነበብ "ሚሽን" በሚለው ተራ ሥር የተጻፈው ወጪ የእንግዳ ሰባኪ የአውሮፕላን ትኬት ሆኖ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እጁን አውጥቶ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

"ድርጅቱ የፈረንጅ ነው፣ እነሱ ይርዷት" የሚልም አለ። ልጅቱ ግን የማን ናት? በማን ጉባኤ ፊት ተንበርክካ ነው እጅ የተጫነባት? "ልጄን ለዚህ ነው በሌሊት ሥራ ያሳደግኳት?" የሚል ወላጅም አለ፤ የእሱ ሕመም ይገባኛል። ሁለት ሥራ ደርቦ፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አድሮ ያስተማራት ልጅ ደመወዟን ትታ ስትሄድ ልቡ ቢሰበር አይገርምም። ያን አባት አቅፎ "ልጅህ የእኛም ናት፣ አንተ ብቻህን አትሸከማትም" የሚለው ሽማግሌ መጥፋቱ ግን ይገርማል። ቤተ ክርስቲያኑ ቢይዛት ኖሮ አባትየው ባልተሸማቀቀ፣ ሰው ስለ ልጁ ሲጠይቀው ወሬ ባልቀየረ ነበር።

እኛ ይህን የምንለው ማን ሆነን ነው? ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ስቶክሆልም ዮሐነሉንድ ወደሚባለው የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛ ሲገባ ማን አበላው? የማያውቁት የስዊድን ምእመናን ናቸው። አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ። ከባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በተባለው ሌላ ማሠልጠኛ ታተመ። ዛሬ በሚኒሶታም በኦስሎም በኦሮምኛ የሚያመልከው ሕዝብ ከዚያ ሰው ድካም በልቷል። ያኔ ስዊድናውያን "ይህ ባዕድ ልጅ መቼ ነው ሥራ የሚይዘው?" ብለው ቢሆን ኖሮስ?

ስዊድን ድረስ መሄድም አያስፈልግ። ወላይታን እናንሳ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 እዚያ የነበሩትን የውጭ ሚሲዮናውያን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ አማኙ ወደ 10 ሺህ ደርሶ ጠበቃቸው። ያ ገና ብዙ ያልተማረ፣ ጫማ የሌለው ሕዝብ ወንጌላውያንን መርጦ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ላከ። ሂያጆቹ ሚስትና ልጅ ይዘው በእግራቸው ወጡ፣ ቋንቋውን ተማሩ፣ ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ ወባ ጨረሳቸው። የቀረው ምእመን ከበቆሎውና ከእንሰቱ እያካፈለ ደገፋቸው። ኮንፈረንስ አዳራሽ አልነበራቸውም። ላኪ ግን ነበሩ።

በደርግ ዘመን የነበራችሁ ደግሞ ታስታውሳላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ በየቤቱ በሹክሹክታ ስንጸልይ፣ ወደ ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ወንድም የአውቶቡስ ገንዘብ እንዴት ይሰበሰብ ነበር? ተማሪው ስሙኒውን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ብሩን፣ ልብስ አጣቢዋ ያላትን ትጥል ነበር። አንድ ሹራብ ነበረች፣ ብርድ አገር የሚሄደው ሁሉ በተራ ይለብሳታል። ከዚያ ቤት ወጥተን ነው እዚህ የደረስነው። ያኔ የነበረን ጸጋ ከድህነታችን ጋር አብሮ የቀረ ይመስል፣ ዛሬ ሦስት መኪና ደጅ አቁመን ለአንዲት ልጅ ጥርስ ማሳከሚያ አጣን። ምንድን ነው የነካን? ዘማሪ ሲመጣ የምናለቅሰው እንባ ከየት ነው የሚመጣው፣ ወዴትስ ነው የሚሄደው?

ሂያጆቹም የራሳቸው ግዴታ አለባቸው። ስንት እንደገባላቸውና በምን እንዳዋሉት ለላካቸው ጉባኤ በግልጽ ሊያሳውቁ፣ ለምን ያህል ዘመን እንደሚቆዩም ከሽማግሌዎች ጋር ሊማከሩ ይገባል። ይህን ለማድረግ ግን የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል። የሚሰጥ ነው የሚጠይቀው። እኛ ምንም ስለማንሰጥ ምንም አንጠይቅም፣ ይህንንም ነጻነት እንለዋለን።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ከእጁ ሥር ለወጣ አገልጋይ በስሙ የተጻፈ ወርኃዊ መደብ ይያዝ፣ እንግዳ ሰባኪ የማይነካው። የጤና መድኑ ከመሄዱ በፊት ይከፈል። ደብዳቤው ማስታወቂያ ላይ ሙሉውን ይነበብ፣ የጸሎት ርዕሱም በረቡዕ ጸሎት ይያዝ። ለዕረፍት ሲመጣ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ይክፈትለት። እሁድ መድረክ ላይ ሲወጣ ዘማሪው የሚያገኘውን ሰዓት እሱም ያግኝ፣ ማይኩ በእጁ ይሰጠው። ወላጆቹን ሽማግሌዎች ሄደው ይጠይቁ። አሥር ቤተሰብ በየወሩ የአንድ ምሳ ግብዣ ወጪውን ቢያዋጣ አንዲት ልጅ ሳትሳቀቅ ታገለግላለች፤ ሂሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት።

ይህን የማናደርግ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወጣት ጥሪ አለኝ ብሎ ሲነሳ ወደ መድረክ አንጥራው። ዘይት አንቅባው፣ አናጨብጭብለት፣ ፎቶውን አንለጥፍ። ሽማግሌዎቻችን ለብቻው ያስቀምጡትና ከእኛ ምንም እንደማያገኝ ፊት ለፊት ይንገሩት። አንዲት ልጅ በእኛ ጸሎት ተማምና ሄዳለች፤ ሁለተኛ ሰው እንዳናታልል።