እዚህ ለክቶ እዚያ መግዛት

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናዘዝ፤ ወቀሳው በኋላ ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ አንድ የጠላቂ ዋናተኞች ዕቃ መሸጫ ገብተን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ሰባት ዌትሱት ለካን። ለማያውቀው አንባቢ፣ ዌትሱት ማለት ጠላቂ የሚለብሰው፣ ገላ ላይ ልጥፍ የሚል ወፍራም የጎማ ልብስ ነው፤ መልበሱ ትግል፣ ማውለቁ ግብግብ ነው። የሱቁ ባለቤት ስድሳውን የተሻገሩ አሜሪካዊ ናቸው፤ እኛ በመካከላችን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ ተንበርክከው የልብሱን ጫፍ ከቁርጭምጭሚታችን ላይ ጎተቱ፣ ከጀርባ ዚፑን ዘጉ፣ አንገታችን ሥር ሁለት ጣት አስገብተው ሞከሩ። «እዚህ ጋ ክፍተት ካለ ቀዝቃዛው ውኃ እየገባ ይወጣል፤ ልብሱ የሚያሞቃችሁ ሾልኮ የገባውን ጥቂት ውኃ ይዞ ሲያቆየው ነው» አሉን። አምስት ሚሊ ሜትሩን ትተን ሰባቱን እንድንወስድ፣ ለአንዳችን ደግሞ የሌላ ፋብሪካ ልክ እንደሚሻል መከሩን። አመሰገንን። «እስቲ እናስብበት» ብለን ወጣን።

ያሰብንበት መኪና ውስጥ ነው። ሞተር ሳናስነሳ፣ ላባችን ሳይደርቅ፣ ያንኑ ልብስ በዚያው ልክ ከስልካችን ላይ አዘዝን። በነፍስ ወከፍ ስልሳ ምናምን ዶላር ተረፈን። አራዳ ነን ብለን ተሳሳቅን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታንኮቻችንን ተሸክመን አየር ለማስሞላት ወደዚያው ሱቅ ተመለስን። ኢንተርኔት አየር አይልክማ! ጋሼ ሒሳብ እየተቀበሉ፣ ምንም የጠረጠሩ ሳይመስሉ፣ «ያን ልብስ አሰባችሁበት?» አሉን። «ገና ነን» አልን። ልብሱ ውጭ የቆመችው መኪናችን ውስጥ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች «ገና ነን» ነው።

«ሐበሻን ከውኃ ሥር ምን ወሰደው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ልክ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም፤ ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ወይ ላንጋኖ ነው፣ ወይ እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። የአንዳችን እናት ልጃቸው ለጠላቂነት ትምህርት መመዝገቡን ሲሰሙ «ውኃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ብለው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግተውበታል። ቢሆንም ተምረናል፤ ዋሽንግተን አካባቢ እንዳለ ማንኛውም ጠላቂ፣ ባሕሩ ሲርቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ውኃ የሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ እንገባለን። ከላይ ለብ ያለ፣ ከታች በሐምሌም የሚያንቀጠቅጥ ውኃ ነው። ጋሼ ሰባት ሚሊ ሜትር ያሉን ለዚህ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። የጠላቂ ሱቅ እንደ ጫማ ሱቅ አይደለም። ጫማ ሱቁ ቢዘጋ ሌላ ጫማ ሱቅ አለ፤ ባይኖርም በፖስታ ይመጣል። የጠላቂ ሱቅ የሚሸጠው ዋና ነገር ግን በፖስታ አይመጣም። ታንኩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብቻ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም፤ ሁላችንም የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚሠራበት የአሉሚኒየም ታንክ አንድ የድሮ የስልክ መደወያ ክፍል የሚሞላ ያህል አየር በ11 ሊትር ግድም ዕቃ ውስጥ ታምቆ ይይዛል። ግፊቱ 3000 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ የመኪና ጎማ ከሚይዘው ዘጠና እጥፍ ያህል ማለት ነው። ይህን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ውድ ነው፤ ማጣሪያው በየጊዜው ይለወጣል፣ ከውስጡ የሚወጣው አየር ናሙናው ተወስዶ ይመረመራል። የሚመረመረውም ለይስሙላ አይደለም። ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት አፍ ከሞተር ጭስ አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ከልክ በላይ ግሎ ዘይቱን ካቃጠለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ታንኩ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። እዚህ ላይ ስትተነፍሰው ራስ ምታት ብቻ የሚሰጥህ መጠን፣ 30 ሜትር ታች ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ጉልበቱም በዚያው ልክ ይበረታል። ስለዚህ ነው ለጠላቂዎች አየር የተቀመጠው ወሰን ከሚሊዮን 10 እጅ ብቻ የሆነው።

ጋሼ ታንክ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ትከሻው ላይ የተቀረጸውን ቀን ነው። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት ታንክ በየአምስት ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተሽ አለበት። ሱቆቹ ከዚህ በላይ በየዓመቱ ውስጡን ከፍተው ዝገትና ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ይሄኛውን ሕግ አላዘዛቸውም፤ የራሳቸው ልማድ ነው። የጠላቂነት ካርዱም እንደዚሁ ነው፤ ለመዝናኛ የሚጠልቅን ሰው ካርድ አሳይ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም፤ ሳይማር ውኃ ውስጥ የሚገባውን የሚያስቆመው «ካርድህን አሳየኝ፣ አለዚያ አልሞላልህም» የሚለው ባለ ሱቅ ነው። ኩስቶና ጋኛን የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 ይህን መተንፈሻ ሠርተው ከሞከሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሙያው እዚህ አገር በአብዛኛው በራሱ ሰዎች ጥንቃቄ ነው የቆመው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ያህል ያስከፍላል? እኛ በምንሞላበት ሱቅ አንድ ታንክ ማስሞላት የሁለት ሰው ቡና ቢሆን ነው። ትርፍ የለውም ብንል አናጋንንም። ትምህርቱም ቢሆን ከአስተማሪው ድካም ጋር ሲመዛዘን ርካሽ ነው። ሱቁን የሚያኖረው ልብሱ፣ መነጽሩ፣ መተንፈሻው ነው። እንግዲህ ልብሱን ሌላ ቦታ የገዛ ሰው አየሩን የሚሞላው በማን ገንዘብ ነው? ልብሱን ከጋሼ በገዛው በሌላው ሰው ገንዘብ። እኛ ያን ቀን ያተረፍነው ስልሳ ምናምን ዶላር ከሰማይ አልወረደም፤ ከአንዱ ኪስ ወጥቷል።

ይህ ጨዋታ አዲስ አይደለም። የቺካጎው ኢኮኖሚስት ሌስተር ቴልሰር እ.ኤ.አ. በ1960 ጽፎበታል፤ ገዢው አገልግሎቱን ከሚሰጠው ሱቅ ተምሮ ከሚያረክሰው ሱቅ ከገዛ፣ አገልግሎት ሰጪው ማገልገሉን ይተዋል የሚል ነው ነገሩ። እዚያ የሚሉትን በታክሲ ቋንቋ ብንመልሰው፣ ሒሳብ ሳይከፍል የሚወርድ ተሳፋሪ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወያላ የለም። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ሊጂን የተባለ የሴቶች ቆዳ ዕቃ አምራች ዋጋ ለሚያረክስ ሱቅ ዕቃ አልልክም አለ፤ ሱቁ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ አምራች የመሸጫ ዋጋ ወለል ማስቀመጡ በራሱ ወንጀል አይደለም ብሎ ከ1911 ጀምሮ የኖረውን ደንብ ሻረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኼው ሳይከፍል የሚወርደው ተሳፋሪ ነበር። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ብሬየር ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ የለም አላሉም፤ ስንት ጊዜ ያጋጥማል ብለው ጠየቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ሱቅ ቢቀመጡ ይቆጥሩት ነበር።

እኛ ግን ይህን ለመረዳት ፍርድ ቤት አያስፈልገንም ነበር። በእኛ ቋንቋ «ደንበኛ» የሚለው ቃል የሁለቱም ነው። ሻጩ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይላል፤ እናቶቻችንም በርበሬ የሚገዙባትን ሴትዮ «ደንበኛዬ» ይላሉ። በምንኖርበት አገር ገዢና ሻጭ ለየብቻ ስም አላቸው፤ እኛ ጋ ስሙ የግንኙነቱ ነው። ደንበኛ ይመርቃል፣ ደንበኛ ዱቤ ይሰጣል፣ ደንበኛ የተነቀዘውን ለይቶ ያስቀምጥልሃል። አንተም በፊናህ ከጎኑ ያለችው ሴትዮ በአምስት ብር ስላረከሰች ብለህ ዓይኑ እያየ እዚያ አትገዛም፤ ብትገዛም በሌላ መንገድ ዞረህ፣ ፌስታሉን ደብቀህ ነው የምታልፈው። ይሉኝታ ይባላል። ብዙ ጊዜ ይሉኝታን እንደ ኋላ ቀርነት ስንሳደብበት ኖረናል፤ እንዲህ ላለው ነገር ግን የተሻለ ዘበኛ አላገኘንም። ስልክ ላይ ስትገዛ የሚያይህ ሰው የለም፤ ይሉኝታው የሚጠፋው እዚያ ጋ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን። «ከኢንተርኔት የገዛ ከሃዲ ነው» የሚሉ ጠላቂዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አይደለንም። ደንበኝነት ምጽዋት አይደለም። ሁለት ሥራ እየሠራ የሚማር ልጅ ሙሉ ዋጋ ካልከፈልክ ሰው አይደለህም ሊባል አይገባውም። ከዚያም በላይ፣ እንደ ጋሼ ያልሆኑ ሱቆች አሉ። ከመካከላችን አንዱ በጀመረ ሰሞን ሌላ ሱቅ ገብቶ ርካሹን መተንፈሻ ሲጠይቅ፣ ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ሕይወትህ ስንት ያወጣል?» ብሎታል። በፍርሃት መሸጥ ነው ይሄ። ሰው ከውኃ በታች ሊሞት እንደሚችል እያስታወሱ ውዱን ማሸከም ከእኛ «ገና ነን» የባሰ ነውር ነው፤ እንዲህ ላለው ሱቅ ምንም ዕዳ የለብንም፤ ቢዘጋም አናለቅስለትም።

ስለዚህ መስመሩን የምናሰምረው እዚህ ጋ ነው፦ ከሱቁ የወሰድከውን ለሱቁ ክፈል። ልክህን ቀድመህ ካወቅህ፣ ማንንም ሳታደክም ከፈለግህበት አዝዝ፤ ማንም አይቀየምህም። የአንድ ሰው ሰዓትና እውቀት ከወሰድህ ግን እዚያው ግዛ፤ ካቃተህ ሳትለካ ተናገር። «ያለኝ ይህን ያህል ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ዋጋው ይህ ነው፣ ትቀራረቡልኛላችሁ?» ብሎ መጀመሪያ ላይ መጠየቅ ነውር የለውም፤ አንዳንዱ ሱቅ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ከአምራቹ ጋር ስለተዋዋለ አይችልም። ነውሩ ሰባት ልብስ ካስለኩ በኋላ ስልክን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ማሳየት ነው። ከውጭ የገዛኸውን መተንፈሻ ለጥገና ስታመጣም ከየት እንደገዛኸው አትደብቅ፤ ሱቁ የዚያ አምራች ወኪል ካልሆነ መለዋወጫ ላያገኝ ይችላልና ማወቅ አለበት። የታንክህ ቀን አልፎ አልሞላም ሲልህ ደግሞ አትከራከር። 3000 ፒ.ኤስ.አይ. የሚታመቀው እሱ አጠገብ ነው።

ለሱቆቹም የምንለው አለ። ማስለካት ሥራ ከሆነ ዋጋ ይውጣለት። «ማስለኪያ 25 ዶላር፣ ከገዙ ይታሰብልዎታል» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢኖር እኛ ያን ቅዳሜ ከፍለን፣ ቀና ብለን እንወጣ ነበር። የአየሩም ዋጋ የሚያስወጣውን ያህል ይሁን። ሁሉን ነገር ልብሱ ዋጋ ውስጥ ደብቆ፣ ልብሱ ሲወደድ ደንበኛን መውቀስ የትም አያደርስም። ጋሼ ይህን ብንነግራቸው እንደማይቀበሉን እናውቃለን፤ ምክር በገንዘብ መሸጥ ያሳፍራቸዋል። እኛ ደግሞ በሳቸው ማፈር ተጠቅመን ሄድን።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስንሄድ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ አየር የሚሞላው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው ይላል። ከዚህ ሌላ የምናውቀው በጣም ቅርብ መሙያ ደርሶ መልስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ገብተን ሳንቀመጥ ነገርናቸው፤ ልብሱን እዚህ ለክተን እዚያ እንደገዛን፣ ሲጠይቁን እንደዋሸን። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ልኩስ?» አሉ።

«ልክክ ነው ያለው» አልን።

«ብያችሁ ነበር» ብለው ታንኩን ከእጃችን ተቀበሉና ትከሻው ላይ ያለውን ቀን ለማንበብ ጎንበስ አሉ። «ሰኔ ላይ አምስት ዓመቱ ይሞላል፤ ከዚያ በፊት ለፍተሻ አምጡት።»