ለጥንቸል ነጻነት አጥርም ጎሬም ያስፈልጋል

በምዕራቡ ዓለም የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ የሱቅ መስኮቶች በጥንቸል ምስል ይሞላሉ። ቸኮሌቱም፣ መጫወቻውም፣ የሰላምታ ካርዱም ጥንቸል ነው። በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም ትምህርት ቤት የሚውል የኢትዮጵያውያን ልጅ የፋሲካውን በግና ዶሮ ከወላጆቹ፣ ጥንቸሏን ደግሞ ከክፍል ጓደኞቹ እየተማረ ያድጋል። አንድ ቀንም «ጥንቸል ግዙልኝ» ይላል። ውሻ ለማሳደግ ያልደፈረ ቤተሰብ ጥንቸልን ቀላል እንስሳ አድርጎ ይቆጥራታል፤ አትጮኽም፣ በየማለዳው ወደ ውጭ ውሰዱኝ አትልም። ትገዛለች፤ አብሯት የተሸጠው የእንጨት ሳጥንም በጓሮው ጥግ ይቀመጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ልቡን ወደ ሌላ መጫወቻ ያዞራል። ጥንቸሏ ግን በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች።

እነዚያን ዓመታት የት ታሳልፋቸው? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት አመለካከቶች ይሰማሉ። አንደኛው «በሳጥኗ ትቆይ፤ ቢያንስ አውሬ አይበላትም» ይላል። ሁለተኛው «ምስኪን ናት፤ በሩን ከፍታችሁ በጓሮው ልቀቋት» ይላል። ሁለቱም ከርኅራኄ የመነጩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የእንስሳዋን ተፈጥሮ በቅጡ አልተመለከቱም። ጥንቸልን በሳጥን ዘግቶ ማኖር ቀስ በቀስ ይጎዳታል፤ ባልተዘጋጀ ጓሮ መልቀቅ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊገድላት ይችላል። የሚበጃት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እርሱም በሰው እጅና ድካም የሚሠራ ነጻነት ነው።

አስቀድሞ ሳጥኑ ይታይ። የጥንቸል አካል ለሩጫና ለዝላይ የተበጀ ነው። የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ብርቱ ነው፤ አፅሟ ግን ቀላል ሲሆን ከጠቅላላ ክብደቷ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ይይዛል። የድመት አፅም ከዚህ በእጅጉ ይከብዳል። እንዲህ ያለ አካል ሳይንቀሳቀስ ሲቀር አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይደክማል፣ በጠንካራ ወለል ላይ የሚውለው እግር ይቆስላል፣ አንጀትም ሥራው ይዘገያል። የአንጀት መዘግየት ለጥንቸል ቀላል ሕመም አይደለም፤ ለግማሽ ቀን ያህል ምግብ ያልቀመሰች ጥንቸል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። በሰፊ ቦታ የተለቀቀች ጤነኛ ጥንቸል በአንጻሩ በድንገት ወደ ላይ ትዘልና በአየር ላይ ወገቧን ጠምዝዛ ታርፋለች። የጥንቸል ደስታ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ ሰው ይህን ዝላይ መመልከት ይበቃዋል፤ በሳጥን ውስጥ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። በብሪታንያ የጥንቸሎችን ደኅንነት የሚከታተለው ማኅበር 3 ሜትር በ2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጥንቸሎቹ ሁልጊዜ የሚገቡበት ቦታ ዝቅተኛው መለኪያ እንዲሆን የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ በሩን ከፍቶ መልቀቅ ለምን መልስ አይሆንም? እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ጥቂት ያሳስተናል። አማርኛ «ጥንቸል» በሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ እንስሳትን ይጠራል። በኢትዮጵያ ሜዳና ቁጥቋጦ መካከል በድንገት ተፈትልካ የምትሮጠው ጥንቸል አንደኛዋ ናት፤ ከእነዚህም መካከል በባሌ ተራሮች የምትታየው የደጋ ጥንቸል ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ይህች ጥንቸል ጎሬ አትቆፍርም፤ በገላጣ መሬት ላይ ትወልዳለች፤ ግልገሎቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ከአዳኝ የምትድነው በሩጫዋ ነው። በቤት የምትረባው ጥንቸል ግን የዘር ሐረጓ ከስፔን፣ ከፖርቱጋልና ከደቡብ ፈረንሳይ የዱር ጥንቸል የሚመዘዝ ነው። እርሷ የጉድጓድ እንስሳ ናት። በዱር የሚኖሩት ዘመዶቿ መሬት ሰርስረው በማኅበር ይኖራሉ፤ ግልገሎቻቸውም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ በጨለማ ይወለዳሉ። አደጋ ሲመጣ አንዷ በኋላ እግሯ መሬቱን ትደልቃለች፤ ሁሉም ወደ ቅርቡ ጎሬ ይገባሉ።

የነገሩ ቁልፍ ይህ ልዩነት ነው። ለቤት ጥንቸል ገላጣ መስክ የነጻነት ቦታ አይደለም፤ መሸሸጊያ የሌለው የሥጋት ቦታ ነው። በሣር ምንጣፍ መካከል ብቻዋን የተቀመጠችና የማትነቃነቅ ጥንቸል ሲያዩ «ረጋ ብላለች» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን የማትነቃነቀው የምትገባበት ስላጣች ነው። ስለዚህ ጥንቸልን በጓሮ ለመልቀቅ ያሰበ ሰው ከአጥሩ እኩል ስለ መሸሸጊያው ማሰብ ይገባዋል። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው የካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን፣ ሰፊ የሸክላ ቱቦ፣ ጥቅጥቅ ያለ መርዝ የለሽ ቁጥቋጦ ይበቃል። ቀዳዳው ሁለት የሚሆነው አንዷ ስትገባ ሌላይቱ መውጫ እንዳታጣ ነው። ጥንቸሏ የትም ብትቆም በጥቂት ዝላይ የምትደርስበት ጥላና ጣሪያ ሊኖራት ይገባል።

አጥሩን በተመለከተ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ሥራው ከመልቀቁ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ከፍታው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጥንቸል ቆፋሪ ናትና ሽቦው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት መቀበር ወይም በአጥሩ ሥር በሣሩ ላይ ታጥፎ መነጠፍ ይኖርበታል። በለንደን ጓሮዎች ቀበሮ በቀን ብርሃን ጭምር ይታያል፤ በአሜሪካ ጭልፊት፣ ራኩንና ኮዮት አሉ፤ የጎረቤት ድመትና ውሻም በየትኛውም አገር አይታጡም። ከላይ መረብ ያልተዘረጋበት ጓሮ ሰው በዓይኑ እስካልጠበቀው ድረስ አስተማማኝ አይደለም። ጥንቸሎች ይበልጥ የሚነቁት ንጋትና ምሽት ላይ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ቤተሰቡ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ አብሯቸው ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ግን ጠንካራ መቀርቀሪያ ባለው ቤታቸው ማደር አለባቸው።

ጓሮው ራሱም መመርመር ይፈልጋል። ለጥንቸል የተሻለው ምግብ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ በየሳምንቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድጉ ያለ ማቋረጥ ማኘክ አለባት። ካርቶን ፊልሞች የሚያሳዩት ካሮት ስኳር የበዛበት በመሆኑ ለቁንጣሪ ካልሆነ አይመከርም። ድርቆሽ ብቻ የለመደች ጥንቸል በአንድ ቀን ለምለም ሣር ላይ ብትለቀቅ ሆዷ ይታወካል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት መለማመድ አለባት። በማሽን የታጨደና የተከመረ ሣር ቶሎ ስለሚቦካ ጨርሶ አይሰጣትም። ዲጂታሊስ፣ ሮዶደንድሮን፣ ኦሊያንደር፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል መርዛማ ናቸው። ፀረ ተባይ ወይም የቀንድ አውጣ ማጥፊያ በተረጨበት መሬት ጥንቸል መልቀቅም መርዝ ከማብላት አይለይም።

አጥር የማይመልሰው ጠላትም አለ፤ እርሱም በሽታ ነው። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ፖል ፌሊክስ አርማን ደሊል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በርስቱ የበዙትን የዱር ጥንቸሎች ለማጥፋት ሲል ሁለት ጥንቸሎችን በሚክሶማቶሲስ ቫይረስ በክሎ ለቀቀ። ርስቱ የታጠረ ስለነበር በሽታው ከዚያ እንደማይወጣ ገምቶ ነበር። ቫይረሱን የሚያስተላልፉት ቢምቢና ቁንጫ ግን አጥር አላወቁም። ፈረንሳይ አብዛኞቹን የዱር ጥንቸሎቿን አጣች፤ በሽታው በዓመቱ እንግሊዝ ደረሰ፤ ዛሬም በአውሮፓ አለ። በ2010 በፈረንሳይ የታየው ሁለተኛው ዓይነት የጥንቸል የደም መፍሰስ በሽታ ደግሞ በ2020 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ግዛቶች በዱርና በቤት ጥንቸሎች ላይ ተዛመተ። ቫይረሱ በጫማ ሥርና በሣር ላይ ተሸክሞ ሊገባ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጥንቸሏ ሣር ከመርገጧ በፊት በየአገሩ ያለውን ክትባት መውሰድ አለባት። በብሪታንያ ሁለቱንም በሽታዎች የሚከላከል ክትባት ይሰጣል፤ በአሜሪካ ለሁለተኛው በሽታ የሚሆን ክትባት በ2021 ለአስቸኳይ አገልግሎት ተፈቅዶ ነበር። በበጋ ወራትም ዝንብ በቆሸሸ ጠጉር ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚፈለፈለው ትል ቆዳዋን ይበላል። በየቀኑ ጅራቷን አንስቶ ማየት የማይመች ቢሆንም ሕይወት ያድናል።

የአየር ንብረቱም መልስ ሊሰጥ ይችላል። ጥንቸል እንደ ሰው አታልብም፤ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታስወጣው በጆሮዎቿ ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ አደጋ ላይ ትወድቃለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ክረምትና በጋ አንድ አይደሉም፤ 40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት የጥንቸል ቦታዋ የቀዘቀዘ ክፍል እንጂ ጓሮ ሊሆን አይችልም። በዚያ በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የአሠሪዎቻቸውን እንስሳት መንከባከብ ጭምር የሚጠበቅባቸው አሉ፤ ይህን ማወቅ ለእነርሱም ይጠቅማል። ትንፋሿ የፈጠነ፣ ጆሮዋ የጋለ፣ የተዘረረች ጥንቸል ስትታይ ወደ ጥላ ወስዶ ጆሮዋን በቀዝቃዛ (በረዶ ባልሆነ) ውሃ ማራስና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል።

«ይህ ሁሉ ለአንዲት ጥንቸል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እንዲያውም አንዲት አትበቃም፤ በማኅበር የምትኖር እንስሳ ናትና ጓደኛ ያስፈልጋታል። ወንድና ሴት ሲሆኑ ደግሞ ሁለቱም እንዳይራቡ በቀዶ ሕክምና መመከን አለባቸው፤ እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ቸልተኝነት የሚጎዳው ጥንቸሎቹን ብቻ አይደለም። በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ 24 ጥንቸሎችን አስመጥቶ ለአደን ለቀቀ፤ ዘራቸው አህጉሩን አጥለቅልቆ ሣሩንና እርሻውን አወደመ። በኩዊንስላንድ ግዛት ዛሬ ጥንቸልን በቤት ማሳደግ በሕግ የተከለከለው ከዚያ የተነሣ ነው። ከአጥር ያመለጠች ጥንቸል የጎረቤትም ጉዳይ ናት።

እውነቱን ለመናገር ወጪው፣ ጊዜውና ድካሙ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ይህ ግን ጥንቸልን በሳጥን ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም፤ ላለመግዛት ግን በቂ ምክንያት ነው። ባለጓሮ ያልሆነ ቤተሰብም ቢሆን የሳሎኑን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሸፍኖ፣ የሚያንሸራትተውን ወለል በምንጣፍ ለብጦ መልካም ቦታ ሊያዘጋጅ ይችላል። ማሳደግ የወሰነ ቤተሰብ ደግሞ ከሱቅ በፊት የተጣሉ ጥንቸሎችን የሚያስጠልሉ ድርጅቶችን ደጅ ቢያንኳኳ ይመረጣል፤ በበዓል ተገዝተው ከበዓል በኋላ የተመለሱ ብዙዎች በዚያ አሉና። ቅደም ተከተሉም መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ አጥሩና መሸሸጊያው፣ ቀጥሎ ሐኪሙ፣ በመጨረሻ ጥንቸሎቹ። «ግዙልኝ» ያለው ልጅ ሽቦውን በመቅበርና የካርቶኑን ቀዳዳ በመቅደድ ቢጀምር፣ ጥንቸሎቹ ቤት ከመድረሳቸው በፊት ኃላፊነትን ይለማመዳል። ሥራው ከሰለቸውም የሚቀረው ባዶ ካርቶን ብቻ ነው፤ በጓሮ ጥግ በሳጥን ተዘግታ የምትረሳ ነፍስ አትኖርም።